ሰኞ እንገናኝ

ሰፈሩ ሁሉ አስር አለቃ የሚለው ጎማ ጠጋኝ ጸጉር ቤት ገብቶ አያውቅም። የምትቆርጠው ሚስቱ ናት።

«ጆሮህን ብነካው የኔ ጥፋት አይደለም» ትለዋለች። «እንደ ሰው ጸጉር ቤት ብትሄድ ምን አለበት?»

እሱ አንገቱን ጎንበስ ያደርግላታል። በሰው አገር ሲዋጋ ስምንት ዓመት ጸጉሩን የቆረጠው የዚያው አገር ሰው ነበር። በየሰኞው ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ጦር ካምፑ በር ይመጣ ነበር። ለባዕድ ጦር በመሥራቱ ጎረቤቶቹ ጥርስ ነክሰውበት ነበር። አንድ ሰኞ መቀሱን አቁሞ፣ «ወንድሜ፣ ልትወጡ ነው ይባላል። እውነት ከሆነ ልጆቼን ቀድሜ ላሽሽ» አለው።

ጦሩ የሚወጣው እሁድ እንደሆነ አስር አለቃ ያውቃል። ግን ለማንም አትናገሩ ተብሏል።

«ወሬ ነው ባክህ። ሰኞ እንገናኝ» አለው።

እሁድ አንድ ሰው ሳይጎዳ፣ አንድ መኪና ሳይቀር ወጡ። አለቆቹም በሥርዓት ወጣን ብለው ተጨባበጡ። ያ ሰው በማግስቱ ወንበሩን ይዞ ባዶው በር ላይ ቆሞ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ የነገረው የለም። «ምናለ በጥቅሻ እንኳ ብነግረው ኖሮ» ይላል አስር አለቃ በልቡ።

ሚስቱ ቆርጣ ጨርሳ አንገቱን አራገፈችለት። «መስታወት ላምጣ ወይስ አምነኸኝ ትነሳለህ?»

«አምንሻለሁ» ሊል አፉን ከፈተ። ያም ሰው አምኖት ነበር የሄደው።

«መስታወቱን አምጪው» አለ።