አያ ይስሐቅና የግድግዳዋ ሳጥን

ደባርቅ የገባሁት በእህል ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ጣልያን ከወጣ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖታል። ጎንደር ከተማ በአንድ ጋራዥ አራት ዓመት ሠርቼ «መካኒክ» የሚል ወረቀት በኪሴ ይዣለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ነበር፤ ጋቢ ግን አልያዝኩም። ጎንደሬ ብርድ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ የሚማረው ደባርቅ ሲደርስ ነው።

የተቀጠርኩት የውጭ በጎ አድራጊዎች ባሠሯት ትንሽ ወሊድ ቤት ነው። ዛሬ ቤቷም የለችም። አስተዳዳሪው ባላምባራስ አድማሱ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ቁጥር ታነባለህ?»

«አነባለሁ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ተከተለኝ።»

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ወደሚተኙበት ክፍል ወሰዱኝ። በድንጋዩ ግድግዳ ላይ አንድ ጣውላ ተመቷል፤ ጣውላው ላይ ከመዳፍ የማትበልጥ ሳጥን አለች። ሁለት መርፌ አላት። አንደኛዋን በእጃችን እያዞርን የምንፈልገውን ሙቀት እናዝዝባታለን፤ ሁለተኛዋ ክፍሉ በዚያች ሰዓት ያለውን ሙቀት ታሳያለች። ክፍሉ ከታዘዘው በታች ሲቀዘቅዝ ሳጥኗ ጠቅ ትላለች፤ ያኔ ምድር ቤት ያለው የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ይነሣና ሙቅ ውሃ በቧንቧ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ሲሞቅ ደግማ ጠቅ ትልና ታጠፋዋለች። ስሟ ቴርሞስታት ነው፤ ቤተኛው ሁሉ ግን «ሳጥኗ» ነበር የሚላት።

«መርፌዋ ሃያ ስድስት ላይ ትዋል፣ ትደር» አሉ ባላምባራስ። «ክፍሉ ከቀዘቀዘ እነዚህ ልጆች አይተርፉም። ከአንተና ከይስሐቅ በቀር ማንም እንዳይነካት።»

ይስሐቅ ማነው ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። አያ ይስሐቅ ከኔ በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጥ፣ ክንደ ወፍራም፣ ድምፀ ቀጭን ሰው ነበር። ከደባርቅ የአንድ ሰዓት መንገድ ከምትርቅ መንደር የሚመጣ ቀጥቃጭ ነው። ያኔ የመንደሩን ሰዎች በሌላ ስም ነበር የምንጠራቸው፤ እሱ ግን ራሱን ቤተ እስራኤል ነው የሚለው። በወረቀት እኔ መካኒክ፣ እሱ የቀን ሠራተኛ ነበርን። በሙያ ግን የተገላቢጦሽ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ቀን አልፈጀብኝም።

በሦስተኛው ቀን ጧት ክፍሉ ለመሞቅ ሲዘገይብኝ መርፌዋን ሠላሳ አደረግኋት። አያ ይስሐቅ ከምድር ቤት ወጥቶ አየ።

«ምነው እንዲህ አደረግሃት?»

«ቶሎ እንዲሞቅ ብዬ ነዋ።»

«ሠላሳ ብትላት፣ ሃያ ስድስት ብትላት እታች ያለው እሳት አንድ ነው። ይቺ ማብራትና ማጥፋት እንጂ መሮጥ አታውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ መልሳት።»

ከዚያ ክዳኗን ፈትቶ በውስጧ ያለችውን የተጠቀለለች ቀጭን ብረት አሳየኝ። «ይቺ ሁለት ዓይነት ብረት ናት፤ አጣብቀዋቸዋል። ሲሞቁ አንደኛው ፈጥኖ ይረዝማል፣ ሁለተኛው ይዘገያል። ስለዚህ ትጎብጣለች። ስትጎብጥ ነው ጠቅ የምትለው» አለኝ። ማን አስተማረህ ብለው፣ «ብረት ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ። ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ሰንበቱ ስለሆነ እሱ አይሠራም፤ የሱን ቦይለር እኔ እጠብቃለሁ። እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የኔን ሳጥን እሱ ይጠብቃል። ይህንን ውል የጻፈልን የለም። ምሳችንን የቦይለሩን ክፍል ግድግዳ ተደግፈን እንበላለን፤ እሱ ከራሱ አገልግል፣ እኔ ከራሴ። እሱ የኔን አይቀምስም፣ እኔም የሱን አልቀምስም፤ ሕጋችን ነው። ወሬው ግን የጋራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሰው ጋር ከአንድ ገበታ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ምሳ ግን አላገኘሁም።

ሰዉ ሳጥኗን አለመንካት አይችልም ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ሚስቱን ሊጠይቅ ገብቶ መርፌዋን እስከ ጥግ ካዞራት በኋላ፣ እሳት እንደሚሞቅ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶላት ቆሞ አገኘሁት።

«ምነው ይቺ አትሞቅም?» አለኝ።

«እሳቱ እታች ነው አያ። እሷ ትእዛዝ ብቻ ነው የምትሰጥ።»

«እንግዲያ ባላምባራስ ናት በለኛ!»

አያ ይስሐቅ ይህንን ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛ ሁለታችን ስንሆን ሳጥኗ «ባላምባራስ» ሆነች። «ባላምባራስ ዛሬ እንዴት አደሩ?» ሲለኝ «ሃያ ስድስት» እለዋለሁ።

በሐምሌ ወር እናቶቹ የእመቤታችንን ሥዕል ስቀልልን አሉኝ። አራስ ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ እንግዲህ እዚያው ሆነው ሊጸልዩ ነው። የድንጋዩ ግድግዳ ምስማር አልቀበል አለኝ። ምስማር የሚይዘው ያ የሳጥኗ ጣውላ ብቻ ነበር። ከሳጥኗ በላይ መታሁና ሥዕሉን ሰቀልኩ። ከሥር የመድኃኒት ኮመዲኖ ቆሟል። አማረልኝ።

አያ ይስሐቅ አይቶት ቀስ ብሎ ጠራኝ። «ያንን ሥዕል ከሳጥኗ ራቅ አድርገው። ሸጋ ቦታ አይደለም።»

ደሜ ፈላ። የሃይማኖት ነገር መሰለኝ። «አያ ይስሐቅ፣ እኔ በሰንበትህ ገብቼብህ አውቃለሁ?» አልኩት።

ወደ ምድር ቤት ወረደ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥዕሉ ቃል አልተነፈሰም።

በዚያው ሰሞን የሳጥኗ አንዲት ብሎን ተሰበረች። አያ ይስሐቅ በመንደሩ ሞርዶ ልኳን ሠራና እናቶቹ እያዩት ገጠማት። አብሬው ፈተሽኩ። ሳምንት ሙሉ ጧትና ማታ በሙቀት መዝገቤ ላይ ሃያ ስድስት እያልኩ ጻፍኩ።

ፍልሰታ ገባ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ፣ ከቀትር በኋላ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍን፣ ክፍሉ ይቀዘቅዝ ጀመር። ሳጥኗን ሳያት ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ ትላለች። ቦይለሩ ደህና ነው፤ ግን አልተጠራምና ጠፍቶ ይቀመጣል። መርፌዋን ሠላሳ አደረግኋት፤ ቦይለሩ ወዲያው አልተነሣም፤ ብዙ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ተነሣ። በማግስቱም በዚያችው ሰዓት ያው ሆነ።

በዚያ ክፍል እንጉዳይ የምትባል ወጣት ነበረች። ሦስት ፅንስ ጨንግፎባት በስንት ስለት ያገኘቻት፣ በሰባት ወሯ የተወለደች ልጅ ታቅፋለች። በአራተኛው ቀን የልጅቱ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ። ነርሷ ሲስተር አበበች ልጅቱን ራቁቷን ከእናትየዋ ደረት ላይ ለጥፋ በብርድ ልብስ ሸፈነቻቸው። የእንጉዳይ አማት ግን ጮኸች፦

«ቡዳው ነው! ሳጥኗን ከፍቶ በእጁ የነካካት ጊዜ እኮ አይቼዋለሁ!»

ክፍሉ ሁሉ ተቀበላት። ባላምባራስ ሁለታችንን ጠሩን። በቡዳ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም፤ ጩኸት ግን ይፈራሉ።

«ብሎኗን የሠራት እሱ ነው። አንተ መካኒክ ነህ፤ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

ብሎኗ ደህና መሆኗን አውቃለሁ። መዝገቡ በእጄ ነው። ግን ከሱ ጋር አብሬ እንዳልታማ ፈራሁ።

«እንጃ ጌታዬ» አልኩ።

አያ ይስሐቅ ቀና ብሎ አላየኝም። ነገሩ እስኪጣራ ቤቱ ይቀመጥ ተባለ። አገልግሉን አንሥቶ ሄደ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን በዚያው ቀን ነቀዘ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሲስተር አበበች ወለሉን አሳጥባ ስለነበር፣ ጭቃ የያዘ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በባዶ እግሬ ገባሁ። ኮቴ አልተሰማም። ከሥዕሉ ሥር፣ ኮመዲኖው ላይ፣ ጧፍ እየበራ ነው። ከቀትር በኋላ የፍልሰታው ቅዳሴ ደወል ሲደወል እናቶቹ ያበራሉ ለካ! ሲስተር እሳት ስለከለከለች ደግሞ ኮቴ ሲሰሙ እፍ ብለው ይደብቁታል። የጧፉ ሙቀት ቀጥ ብሎ ወደ ሳጥኗ ይወጣል። መርፌዋ ሠላሳ ሁለት ትላለች። ሲስተር በዚያው ጧት ከእንጉዳይ አልጋ ራስጌ ያንጠለጠለችው ቴርሞሜትር አሥራ ሰባት ይላል።

ጧፉን አጠፋሁ። ቆየት ብላ ሳጥኗ ጠቅ አለች፤ እታች ቦይለሩ ተነሣ። ሥዕሉን ቀና ብዬ አየሁት። ራቅ አድርገው ያለኝ ይህንን ነበር። የእመቤታችን ሥዕል ባለበት ጧፍ እንደሚበራ እኔ ክርስቲያኑ ሳላስበው፣ እሱ አስቦታል።

ለባላምባራስ ምስማሩን የመታሁት እኔ መሆኔን፣ አያ ይስሐቅ አስጠንቅቆኝ እንደነበረ፣ «እንጃ» ያልኩትም ፈርቼ እንደሆነ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ተቆጡኝ። ሥዕሉን ከበሩ ጉበን በላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ባላምባራስ «ሂድና ይስሐቅን አምጣው» አሉኝ።

መንደሩ ስደርስ ማረሻ እየቀጠቀጠ ነበር። መዶሻውን አላቆመም።

«ጧፍ ነው» አልኩት።

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ለባላምባራስ አልተናገርክም?»

«ያች ሴትዮ ቡዳው እያለች በምትጮህበት ክፍል፣ የማርያምን ሥዕል አንሡ፣ ጧፉን አጥፉ ልበል? እኔ? ላንተ ነበር የነገርኩት። አንተ ብትለው ሥራ ነው፤ እኔ ብለው ጠብ ነው።»

ባላምባራስ እንደሚጠሩት ነገርኩት። ብረቱን እሳት ውስጥ መልሶ ከተተና ወናፉን ያዘ።

«ልጅቱስ?» አለኝ።

«ከንፈሯ ቀላ። ጠባች።»

«ተመስገን። እኔ ግን አልመለስም። ደባርቅ ብርድ የሌለበት ቀን የለም፤ በቀዘቀዘ ቁጥር የኔ እጅ ሊሆን ነው።» ቀጥሎ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ሌላው ቢለኝ ለምጄዋለሁ። አንተ እንጃ አልክ» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለኝ። አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ በዚያች ሳጥን ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጎበዝ ሰዎች አብረውኝ ሠሩ፤ ከነሱ ጋር ምሳ የበላሁት ግን ደጅ ወጥቼ ነው፤ የቦይለሩን ክፍል ግድግዳ መደገፍ አልሆንልህ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ያለ እየመሰለኝ ከደረጃው ራስ «አያ» ብዬ የተጣራሁበት ቀን ብዙ ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ እኔም ጎንደር ተመለስኩ። የመንደሩ ሰዎች ወደ እስራኤል መሄዳቸውን የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ነው። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ይናፍቀኛል፤ ይህንን ለመናገር ሽማግሌ እስክሆን መቆየት አልነበረብኝም።

በዚህ ሙያ ላይ ላላችሁ ወጣቶች የምነግራችሁ እነሆ። ቴርሞስታት ከጧፍ፣ ከመብራትና ከፀሐይ ርቆ ይሰቀላል፤ የሚያውቀው የሚደርስበትን ሙቀት ብቻ ነው። የሥራ ጓደኛችሁ ስለ ሥራ ሲነግራችሁ የማን ወገን መሆኑን ትታችሁ ሥራውን ስሙ። ስለሱ ስትጠየቁ ደግሞ የምታውቁትን እዚያው ተናገሩ። እኔ በአንድ ቀን ዘግይቼ ተናገርኩ፤ ልጅቱ ተረፈች፣ ሰውየው ግን አልተመለሰልኝም።