ነጠፈ ያልነው ወተት

እጄ ሚዛን ነው። ለጉራ አይደለም የምለው፤ ቡሬ ገበያ ገብታችሁ የበርበሬዋን ሀጂራ ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ሠላሳ ዓመት ዛላ በርበሬ ስገዛና ስሸጥ ኖሬያለሁ። ጆንያውን አንዴ ብድግ ካደረግሁት ሚዛን ላይ ሳይወጣ ኪሎውን እናገራለሁ፤ ብሳሳት በሩብ ኪሎ ነው። ታዲያ ይኸው እጅ አንዲትን ሕፃን በቀን አሥር ጊዜ እያነሳ እያስቀመጠ ምንም አልነገረኝም። ወይም ነግሮኝ አልሰማሁትም። የማወራችሁ ይህንን ነው።

እናትነሽ የምትባል አስተማሪ ተከራይ አለችኝ። ባሏ ስሜነህ መራዊ ነው የሚሠራው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። እናቷ በልጅነቷ ሞታባታለች። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ስትወልድ ያረስኳት እኔ ነኝ። «የክርስቲያን አራስ በእስላም ቤት?» ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም። ሥጋውን የእሷ ሰዎች እየሠሩ አመጡላት፣ ገንፎውን እኔ አገነፋሁላት፣ አለቀ።

ልጅቷን ፋና አሏት። ፋና በመጀመሪያ አፏ ከጡት አይለይም ነበር። ሰዓት ሳይሞላ ትነቃለች፤ አንዱን ጡት ይዛ ግማሽ ሰዓት፣ አርባ ደቂቃ ትቆያለች፤ መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ጉንጯን ሲነኳት ደግሞ ትቀጥላለች። የእናትነሽ ወተት ሞልቶ እየፈሰሰ ቀሚሷ በሁለት በኩል ይርሳል። በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ልጅቷ አበደች። ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትጠባለች። አልጠገበችም ብለን ስንጨነቅ፣ በሦስተኛው ቀን የእናቷ ጡት ከወትሮው በልጦ ግጥም አለ፣ ልጅቷም ጸጥ አለች። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በገንፎዬ ነው የመጣው ብዬ ኮራሁ።

ሦስት ወር ሊሞላት ሲል ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ፋና ጡት ይዛ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትለቃለች። ፊቷን ታዞራለች፣ ጣራ ታያለች፣ ትስቃለች። የእናትነሽ ጡት ለሰለሰ፤ ቀሚሷም ደርቆ መዋል ጀመረ።

«እትዬ ሀጂራ፣ ወተቴ የጠፋ መሰለኝ» አለችኝ አንድ ጠዋት።

አየኋት፣ ነካሁላት። «ነጥፏል» አልኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት፤ በሌላ ሰው አላሳብብም።

በመጀመሪያ በርበሬዬን ጠረጠርኩ። ጥር የበርበሬ ወቅት ነው፤ ግቢዬ በዛላ ይሞላል፣ ስምንት ሴቶች ከእናትነሽ መስኮት ሥር ተቀምጠው ግንጩን ሲቀነጥሱና ሲያወሩ ይውላሉ። አቧራው ጡቷ ላይ እያረፈ ልጅቷን ለበለባት ብዬ ልብሷን በየቀኑ አሳጠብኳት። ለውጥ የለም። አብሽ አጠጣኋት። ያው ነው። ከዚያ ወሬው የስሜነህ አገር ገበዝ ማርያም ደረሰ።

እዚያ የእናትነሽ አማት፣ እመት አቻምየለሽ አሉ። ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሏቸው። በስልክ እንዲህ አሉ፦ «ጡቷ ከነጠፈ ልጅቷን እኔ ልውሰዳት። እሷም ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ልጅቷም በላሜ ወተት ትደግ። ስሜነህን ያሳደግሁት እንዲሁ ነው።» ክፉ ሴት አይደሉም፣ ይህንን ልብ በሉልኝ። የእናትነሽ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶታል። ቅዳሜ መጥተው ሊወስዷት ተቆረጠ።

እናትነሽ አልተከራከረችም። ሐሙስ ዕለት የልጇን ልብስ እያጠፈች ፌስታል ውስጥ ስትከት አገኘኋት። «ለእሷ የሚሻለው ይሁን» አለችኝ፤ እንባዋ ካጠፈችው ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ምን ብዬ አጽናናኋት መሰላችሁ? «እኔም የበኩር ልጄን እንዲሁ ሰጥቻለሁ፤ ይለመዳል» አልኳት። ዋሽቼ ነው። አይለመድም።

የበኩር ልጄ ሙዓዝ ሦስት ወር ሊሞላው ሲል የእኔም ጡት እንዲህ ለስልሶ ነበር። እሱም ይዞ ይለቅ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠፈ አለ፤ እኔም ነጠፈ አልኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ። እናቴ ዱርቤቴ ወስዳ በፍየል ወተት አሳደገችው። ደህና ሰው ሆነ፣ አልሐምዱሊላህ፤ እዚያው እህል ይነግዳል። ግን እናቴን ነው «እማ» ሲል የኖረው። እኔን ሀጂራ ይለኛል። በንቀት አይደለም፤ አፉን የፈታው እንዲያ ነው። ከእሱ በኋላ የወለድኳቸውን ሁለቱን ደግሞ ገና ሦስት ወር ሳይሞላቸው የላም ወተት አስጀመርኳቸው። የእኔ ጡት ዕድሜው ሦስት ወር ነው ብዬ ደምድሜ ነበርና።

ዓርብ ሆነ። ጁምዓ ሲደርስ ቀንጣሾቼ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ያ ሁሉ ወሬና ሳቅ የነበረበት ግቢ ጭጭ ይላል። እናትነሽ ለመጨረሻ ጊዜ እያለች ልጇን ታቅፋ ነበር። እኔ ክፍሏን ከእኔ ከሚለየው መጋረጃ ወዲህ የቀትሩን ሶላት፣ ዝሁርን ሰግጄ ጨረስኩና መቁጠሪያዬን ይዤ እዚያው ስጋጃው ላይ ተቀመጥኩ። አላህን የማወሳበትን ዚክር ልጀምር ስል አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ዋጥ። ዋጥ። ዋጥ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። በዚያ ግቢ እንዲህ ያለ ጸጥታ በሳምንት አንዴ ነው የሚገኘው። ጆሮዬን ሰጠሁ። ፋና ናት። ስትውጥ ነው የምሰማው፤ አፍ ሙሉ፣ ሳታቋርጥ፣ ውኃ ጠምቶት ከእርሻ እንደገባ ሰው። ባዶ ጡት የጠባ ልጅ ምን ይውጣል? ጣቴ ሳላዘው መቁጠሪያው ላይ መሄድ ጀመረ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚክሬ ፋንታ የእሷን ዋጥ ዋጥ ቆጠርኩ። ዘጠና ዘጠኙ ፍሬ አለቀ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ከዚያም አልፎ ሄደ።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ገባሁ። በዚህ መሃል ከቀንጣሾቹ አንዷ ሳቢራ ስልኳን ረስታ ኖሮ በሩን ከፍታ «ማን አለ?» ብላ ተጣራች። ፋና ወዲያው ጡቱን ለቃ አንገቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ስትለቅ ወተቱ ፊን ብሎ ወጣና ጉንጯ ላይ አረፈ። እሷ ጉዳይዋም አይደለም፤ በሩን እያየች ትስቃለች።

እናትነሽ ወተቱን አየች፣ እኔን አየች። «እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ወተት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል» አልኳት። «ይቺ ወሬኛ! ከጡት ወሬ በልጦባት ነው እንጂ የነጠፈ ነገር የለም።»

ሳቢራ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። እሷን ሳይ ቀሪው ገባኝ። ሳቢራ የመጣች ሰሞን አንድ ጆንያ ስትቀነጥስ ትውል ነበር፤ ዛሬ ለምሳ ሳንቀመጥ ትጨርሰዋለች። ሰነፈች የሚል አለ? እጇ ሥራውን ለመደ እንጂ። ፋናም ያኔ በአርባ ደቂቃ የምትጠባውን ዛሬ በአምስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ጡቱም ቢሆን እኔ ንግድ ስጀምር የሆንኩትን ነው የሆነው። ደንበኛዬን ሳላውቅ በርበሬ ከልክ በላይ እከምር ነበር፤ ልኩን ሳውቅ መከመር ተውኩ። ግን እኔ ይህንን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ። ጡት በሦስት ወር ማን ነገረው? ጆሮ የለው፣ ዓይን የለው። በስድስተኛው ሳምንት ልጅቷ ሁለት ቀን አልቅሳ ጨምርልኝ አለችው፣ ጨመረላት። አሁን በቃኝ፣ በልክ አድርገው አለችው፣ በልክ አደረገው። ሱብሓነላህ! ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሦስት ወልጃለሁ፤ ይህ በእኔም ሰውነት ውስጥ ሲሠራ ነበር፣ እኔ ግን አላወቅሁትም።

ቅዳሜ እመት አቻምየለሽ አዲስ አንቀልባና አንድ ጀሪካን ወተት ይዘው ደረሱ። ነገርናቸው። የእናትነሽን ጡት ዓይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባዶ ስልቻ ነው። ልባችሁ አልቆርጥ ብሎ ነው እንጂ» አሉ። እናትነሽ ፊቷ አመድ መሰለ። አማቷን አፍ አውጥታ የምትከራከር ልጅ አይደለችም።

ፋናን ከእጇ ተቀበልኩና ብድግ አደረግኋት። ያን ጊዜ እጄ ነገረኝ። ያን ሁሉ ቀን ሲነግረኝ የነበረውን ሰማሁት።

«እመት አቻምየለሽ፣ አንቀልባዎን ያውሱኝ» አልኩ። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ የሚንጠለጠል ሚዛን አለኝ። አንቀልባውን ብቻውን አንጠልጥዬ አየሁ፤ ቀጥዬ ፋናን ከነአንቀልባው።

«ኧረ ምነው፣ ልጅ እንደ በርበሬ ይመዘናል?» ብለው እጄን ያዙኝ።

እውነታቸውን ነው፤ በእኛም በእነሱም ልጅ ሲመዝኑ ማየትም ኪሎውን መናገርም ነውር ነው፤ ዓይን ያርፍበታል። «ጤና ጣቢያም መዝነዋታል እመት፤ ዓይን የሚያርፍ ከሆነ በእኔ ይረፍ» አልኳቸው። እናትነሽ የክትባት ካርዱን አመጣች። የዛሬ ሃያ ቀን የተጻፈው ቁጥር አለ። ስንት እንደነበረና ስንት እንደሆነ ለእናንተም አልነግራችሁም። ብቻ በእነዚያ ነጠፈ ባልንባቸው ሃያ ቀናት ውስጥ ልጅቷ ከግማሽ ኪሎ በላይ ጨምራለች፤ ከእናቷ ጡት ሌላ ጠብታ ሳይገባባት።

እመት አቻምየለሽ የሚዛኑን መርፌ ረጅም ጊዜ አዩት። ፋናን ከአንቀልባው አውጥተው ለእናቷ ሰጧት። «ያዣት» አሉ። እናትነሽ እዚያው መጋዘኑ ደጃፍ ቁጭ ብላ ልጇን አቀፈችና አለቀሰች። እመትም ከጎኔ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ስሜነህንም በሦስት ወሩ ነው ጡት ያስጣልኩት» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እኔም» አልኳቸው። አንቀልባውን ለፋና ትተው፣ ወተቱን እኛው ጠጥተነው፣ በማግስቱ ሄዱ።

በኋላ ለክትባት ስንሄድ ነርሷን ያምሮትን ጠየቅናት። «በዚህ ዕድሜ ቶሎ ይጠባሉ፣ ድምፅም ይስባቸዋል። ጡትም ልኩን ሲያውቅ ይለሰልሳል» አለች፣ መርፌዋን እያዘጋጀች። ሠላሳ አራት ዓመት የፈጀብኝን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ልቆጣት ምንም አልቀረኝም። እናትነሽ አሁን ሥራ ገብታለች፤ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ በእረፍት ሰዓት ፋናን እወስድላታለሁ፤ የምታጠባበትን ክፍል መስኮት ዘግቼ በር ላይ እቆማለሁ።

ሙዓዝ ልጅቷን በመዘንንበት በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት እንደልማዱ ደውሎ ነበር። «ሀጂራ፣ እንዴት ነሽ?»

«ሙዓዝ፣ ወተቴ አልነጠፈም ነበር» አልኩት።

«ምን?»

«አንተን ስሰጥህ። ወተት ነበረኝ። አላወቅሁም።»

ከበስተኋላው የሚኒባስ ረዳት ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር እያለ ይጣራል። «አሞሻል እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም አልኩት። እሑድ ጠዋት ያለ በዓል መጥቶ የማያውቅ ልጅ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ የመቁጠሪያውን፣ የሚዛኑን፣ ሁሉንም። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ። ሊሄድ ተነሥቶ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ስንት ጊዜ ጠባሁሽ?»

«ሰማንያ ስምንት ቀን» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሳላስብ ነው የወጣኝ። ቆጥሬው እንደነበር እኔም እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር።