አልነሣ ያለው ምስክር

ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ማርያማዊት የኮምፒዩተሩን ቁልፍ ተጫነች። ማራገቢያው ጉርር ብሎ ዞረ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። ከዚያ ሣጥኑ ይጮኽ ጀመር። አጥፍታ እንደገና ሞከረች። ያው ጩኸት፣ ያው ጨለማ።

«አልነሣ አለ፣ አባዬ።»

አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከኋላዋ ቆመዋል። «ስለቸኮልሽበት ነው። ረጋ ብለሽ ንኪው።»

«በቅሎ መሰለዎት እንዴ?»

እሳቸው አልሳቁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልዑልቃል ከአይከል ይመጣል። ያን ጊዜ ይህ ሣጥን መናገር አለበት።

ልዑልቃል ከእሳቸው ዘንድ ድጓ ተምሮ የወጣ፣ ዛሬ ራሱ አይከል ላይ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት በአንድ ተዝካር ላይ፣ ካህናቱ ማዕድ ቀርበው ሳለ፣ «የኔታ፣ ያችን የአስተምህሮ መዝሙር ሲያስተምሩን አንዷ ቦታ ላይ ድምፁን ያንከባልሉታል። መምህርዎ የኔታ ዕንባቆም ግን ዝም ብለው ይዘው ነው የሚያልፏት ይባላል። ይህ መንከባለል፣ ርክርኩ፣ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቃቸው። በትሕትና ነው የጠየቀው፤ ነገር ግን በሰው ፊት ነው። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ሃያ ሁለት ዓመት በጎንደር ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ደማቸው ፈላ። «እንግዲያው መምህሬ ራሳቸው ይመስክሩብን! ድምፃቸው ቤቴ አለ። ቅዳሜ ና።»

እውነታቸውን ነበር። የኔታ ዕንባቆም ከማረፋቸው በፊት እዚህ ቤት ዐሥራ አንድ ቀን ተቀምጠው ሲያዜሙ፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ማርያማዊት በስልኳ ቀድታ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገብታው ነበር። ስልኩ ኋላ ጠፋ። በፍላሽ ላባዛው ብላ ስንት ጊዜ ለምናቸዋለች። «ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው፤ በኪስ ተይዞ አይዞርም። ተማሪ ያልደከመበትን አያከብርም» እያሉ ከለከሏት። ስለዚህ ድምፁ ያለው እዚህች ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ሣጥኗ ዛሬ ካልተነሣች ደግሞ በየአድባራቱ የሚወራው አንድ ነገር ነው፤ ሐብተ ማርያም ሸሸገው።

ማርያማዊት ፒያሳ ሱቅ ላለው የኮምፒዩተር ጠጋኝ ለአላምረው ደወለች። አላምረው ጠዳ ከተማ ልቅሶ ላይ ነበር፤ ማታ ካልሆነ አይመለስም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃት ጀመር።

«መብራት አለ?»

«አለ።»

«ማራገቢያው ይዞራል?»

«ይዞራል። ስክሪኑ ነው የጠቆረው። ደግሞ ይጮኻል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እንጃ… ጢጥ ጢጥ ነገር። ሦስት ይሁን አራት።»

«በእንጃ አይሆንም፣ እትዬ። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ አንድ በሽታ ነው፤ ረጅም ብቻ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው። አብሪውና በደንብ አድምጪ።»

አበራችው። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ተማሪ ሲያስመሰክሩ እንደሚያደርጉት ነው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጭው ስልኩን። አላምረው፣ ስማኝ፤ ኡኡኡ… ዕረፍት። ኡኡኡ… ዕረፍት። ሁሉም እኩል ናቸው። አጭር የለበትም። መጨረሻው ላይ አይወድቅም፤ ቀጥ እንዳለ ነው የሚቆረጠው።»

ከወዲያ የታፈነ ሣቅ ተሰማ። «አቤት የኔታ! ልቅሶ ቤት አሣቁኝ እኮ። ገብቶኛል፤ ሜሞሪው ነው። ውስጡ የተሰካ ቀጭን ሰሌዳ አለ፤ ወይ ላልቷል፣ ወይ አቧራ በልቶታል።»

«የመምህሬ ድምፅ ያለው እሱ ላይ ነው?»

«አይደለም፤ ድምፁ ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩ ደኅና ከሆነ ድምፁም አለ። ደኅና መሆኑን ግን ሳይነሣ አላውቅም። አሁን ገመዱን ንቀሉና ሽፋኑን ፍቱት።»

«የቱን ሽፋን? ብረቱን ነው ከፋዩን?» አለች ማርያማዊት፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ።

«የምን ከፋይ?»

አባትና ልጅ ተያዩ። መሪጌታ ያ ድምፅ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሣጥኑን ራቁቱን ማስቀመጥ አልሆነላቸውም። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ልብስ አላቸው፣ ማኅደር አላቸው፤ ይህ ምን ሆኖ ነው ያለ ልብስ የሚቀመጠው? ቀይ የከፋይ ጨርቅ ገዝተው፣ ለገመዶቹ ብቻ ቀዳዳ አስተርፈው ዙሪያውን አሰፉለት። ሲሠራም አይወልቅም።

«አፍናችሁት ኖሯል!» አለ አላምረው፣ ልቅሶውን ረስቶ። «የኔታ፣ ይህ እኮ የሚተነፍስ ነገር ነው። በሙቀት ቀቀሉት!»

መሪጌታ ከፋዩን በገዛ እጃቸው ገፈፉት። ብረቱ ሲከፈት ውስጡ አመድ የነሰነሱበት ይመስል ነበር። ማርያማዊት አላምረው እንዳዘዛት፣ የገላዋ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ አስቀድማ ብረቱን ነካች፤ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አነሣች፤ ሁለቱን ሰሌዳዎች ጫፍና ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ተጭና ነቀለች። ወርቅማ ጥርሳቸውን በላጲስ አሸችና አንዱን ብቻ መልሳ ሰካች። ቀጭ አለ። ገመዱን ሰክታ አበራችው።

ረጅም። ዕረፍት። ረጅም። ዕረፍት።

መሪጌታ ዱካው፣ አጭሩ መቀመጫቸው፣ ላይ ተቀመጡ። ስምንት ሰዓት አልፏል። በዚያ ጩኸት መካከል፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያላሰቡት አንድ ነገር ድንገት መጣባቸው። የኔታ ዕንባቆም ዘንድ ሳሉ ንዳድ ይዟቸው ዘጠኝ ቀን ከጎጆ አልወጡም ነበር። ሲነሡ ትምህርቱ አልፏል። ያለፋቸውን ያስጠናቸው ስሙ ይበልጣል የተባለ ጓደኛቸው ነው፤ ድምፁ እንደ ማር የሚፈስ፣ ማንከባለል የሚወድ ልጅ። «እዚህች ላይ እንዲህ ስትል ታምራለች» ያላቸውም እሱ ነው። የትኛዋ ላይ? የአስተምህሮዋ ነበረች? መሪጌታ ግንባራቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ከማን እንደተቀበለው የሚያውቅ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የተቀበልነውን ደጋግመን ስንለው የሰጠን ሰው ፊት ይደበዝዝና የምናከብረው ሰው ፊት ይተካበታል። ከዚያ ወዲያ ስንምል የምንምለው በዚህ በሁለተኛው ፊት ነው፤ መሐላችንም ውሸት አይመስለንም። መሪጌታ ሲምሉ የኖሩት በየኔታ ዕንባቆም ነው። ዐሥራ አንዱን ቀን አጠገባቸው ተቀምጠው ሲሰሙም ጆሯቸው የሰማው የለመደውን ነው። ቀደም ሲል ይህ ሣጥን አልነሣ እንዳይል ፈሩ፤ አሁን መነሣቱንም አለመነሣቱንም ፈሩ።

«አንደኛው ሰሌዳ ሞቷል መሰለኝ» አለች ማርያማዊት። ነቅላ ሌላኛውን ሰካች። ገና ሳታበራው የግቢው በር ተንኳኳ።

«ወይ ጉዴ፣ ቀድሞ መጣ! ልክፈትለት። እስክመለስ እንዳይነኩት እሺ?»

ነኩት። ልጃቸው ከደጅ ሳትደርስ ቁልፉን ተጫኑ። ማራገቢያው ዞረ። አንድ አጭር ድምፅ፣ እንደ ወፍ ጫጩት፣ ከዚያ ጸጥታ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ በራ።

የየዕለቱ ቅጂ በስክሪኑ ፊት ተደርድሯል፤ መክፈቱን ማርያማዊት አስተምራቸዋለች። ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ያችን መዝሙር የያዘውን ሰባተኛውን ቀን ሁለቴ ነኩት። በመጀመሪያ ሳል መጣ፣ የሽማግሌ ሳል። ከዚያ የኔታ ዕንባቆም ጀመሩ። ድምፁ የተሰነጠቀ ነው፣ አካሄዱ ግን ሣር ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው፣ አይቸኩልም። ቦታዋ መጣች። የኔታ ዕንባቆም ድምፃቸውን ያዙ፣ ቀጥ አድርገው ያዙ፣ ሳያንከባልሉ አለፉ።

ከደጅ የልዑልቃል ድምፅ ተሰማ። «የመምህሩ ድምፅ ተዘጋጀ ወይ?»

«ኧረ ኮምፒዩተሩ አልተነሣም! ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ስንታገለው ነው የዋልን» አለች ማርያማዊት። የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

የመሪጌታ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር። ቢጫኑት ይጠፋል። ሰሌዳውን በጥፍራቸው ፈልቀቅ ቢያደርጉት እስከ ማታ ይጮኻል። ልጃቸው ራሷ መስክራላቸዋለች፤ አላምረውም ይመሰክራል። ሸሸገ የሚል አይኖርም፤ ተበላሸበት ነው የሚባለው። የሁለት ሰው እግር የበረንዳውን ደረጃ ሲወጣ ይሰማል። ሃያ ሁለት ዓመት። በየደብሩ ተበትኖ ያችን ቦታ የሚያንከባልለው ስንት አፍ ነው? የማንን ስም እየጠራ ነው የሚያንከባልለው?

ጣታቸውን አነሡ።

«ልዑልቃል፣ ግባ!» አሉ፤ ድምፃቸው ከጠበቁት በላይ ጮኸ። «ተነሥቷል።»

ልዑልቃል ጫማውን አውልቆ ገባና እጃቸውን ሳመ። እንደገና ከመጀመሪያው ከፈቱለት። ቆሞ ሰማ። ቦታዋ ስትደርስ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። ደስ ያለው አይመስልም፤ የሰው ቤት ዕቃ የሰበረ ሰው ይመስል ነበር።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ በሰው ፊት…»

«በሰው ፊት ነው መባል የነበረበት። ያስተማርኩት በሰው ፊት ነው። ሰኞ ተማሪዎቼን እሰበስባለሁ፤ ያችን መዝሙር አንተ ትመራቸዋለህ።»

«ኧረ የኔታ! እርስዎ እያሉ?»

«እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ማርያማዊት፣ ያን ፍላሽ አምጭና ገልብጭለት። ለጠየቀሽ ሁሉ ስጪ።»

ማርያማዊት ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ፍላሹን ፍለጋ ሮጠች። መሪጌታ ከዱካው ወርደው ምንጣፉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። «በል ተቀመጥና ምራኝ» አሉት።

ልዑልቃል ዱካው ላይ ሊቀመጥ አልደፈረም፤ ቆሞ መራቸው። ተከተሉት። ቦታዋ ስትደርስ ጉሮሯቸው ሳያዙት ተንከባለለ።

«አይ፣ ድገምልኝ» አሉ።

ደገመላቸው። አሁንም ተንከባለለ። ልዑልቃል ግንባሩን ላብ ወረሰው፤ እሳቸው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ጠበቁት።

«ድገም።»