የሳቅንበት የቡቺ ዝላይ

ዛሬ ሞጣ ላይ የእንስሳት ሐኪሙ የውሻዬን የቡቺን ዳሌ ዳብሶ ሲጨርስ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

በጾሙ ጊዜ የለጠፍኩትን ቪዲዮ ታስታውሳላችሁ? ቡቺ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን ገጥሞ እንደ ጥንቸል እየዘለለ ሲሮጥ፣ "እስክስታ ለመደልኝ" ብዬ አስቄያችሁ ነበር።

ለካስ የዳሌው መገጣጠሚያ ከቡችላነቱ ጀምሮ ልል ኖሯል። እንደዚያ የሚዘለው እያመመው ነው።

በዚያ ላይ በምንኖርባት ቢቸና ውስጥ ዝነኛ ስላደረግሁት፣ ለፋሲካ ያረደ ጎረቤት ሁሉ አጥንትና ጮማ ይዞለት መጣ። እኔም እየተኩራራሁ ተቀበልኩ፤ ቡቺም ወፈረ።

"እትዬ፣ ይሄ ውሻ ድግስ ቤት ነው እንዴ ያደገው?" አለኝ ሐኪሙ። "ኦፕሬሽን እዚህ አንሠራም። ግን ኪሎው ከቀነሰ፣ በለስላሳ መሬት ቀስ እያለ ከተራመደ፣ ሲሚንቶ ላይ መተኛቱን ከተወ ሕመሙ ይቀልለታል።"

"መዝለሉስ?"

"አያዝልሉት። ቪዲዮም አይቅረጹት።"

ለካ እሱም ተከታዬ ነው።

ቪዲዮውን አሁን አጥፍቼዋለሁ። ጎረቤቶቼ፣ አጥንት ማምጣቱን ተዉልኝ፤ አሮጌ ፍራሽ ያላችሁ ግን ብቅ በሉ።

እናንተስ፣ ሳታውቁ የሳቃችሁበት ሕመም የማን ነበር?