በጾም ያልታኘከ ሰም

ያ ሰም ሁለት በቅሎ፣ አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛና አንድ አበልጅ አስከፍሎኛል። ከሦስቱ አሁንም የሚያሳዝኑኝ በቅሎዎቹ ናቸው።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ በቀበሌ ስብሰባ ነጋዴና አሻጥረኛ በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩበት። ደብረ ታቦር ላይ ሰም እየሰበሰብኩ አዲስ አበባ ላለ አንድ ላኪ ላቀርብ ተስማማሁ። እሱ ደግሞ ለጃፓን ይሸጣል። የመጀመሪያው ጭነት ካለፈ የአውራጃው ሰም በሙሉ በእኔ እጅ ይሆናል፤ ካላለፈ ሌላ ሰው ይፈለጋል።

ላኪው ቢሮው አስቀምጦ አስተማረኝ።

«እዚያ ሰም ለጧፍ አይገዛም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን የሚቀቡት ቀለም ውስጥ ይገባል። ጢስ ጢስ እንዳይል።»

«ጌታዬ፣ ከደብረ ታቦር ጢስ የማይሸት ምን ይወጣል? እኔ ራሴ ጢስ ጢስ እሸታለሁ አይደል እንዴ?»

«አንተን ማንም ከንፈሩ ላይ አይቀባህም» አለኝ። «ደግሞ ስማ። እዚያ ወደባቸው ላይ ናሙና ወስደው ይመረምራሉ። የከብት ስብ ካገኙ ‘ትንሽ ናት’ ብለህ አትለምናቸውም። ጭነቱን እንዳለ ይመልሱታል።»

በእብናት በኩል ያለውን ሰም እኔ ያዝኩ፤ በጋፋት በኩል ያለውን ለአበልጄ ሰጠሁ። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳ፣ ለደብሩ የጧፍ ሰም የሚያቀርብ ሰው ነው። በእኛ አገር ሰም የሚፈተነው በጥርስ ነው። ቆንጥረህ ታኝካለህ፤ ሞራ የገባበት ከሆነ ምላስህን ይለብሰዋል።

አበልጄ ሰሙን አቅልጦ፣ ጋግሮ ያመጣው በዓቢይ ጾም ነበር። ከአንዱ ጫፍ ቆንጥሬ ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄን ያዘኝ።

«አበልጄ፣ ምን ነካህ? የባላገር ሰም ነው፤ በምን ዕቃ እንዳቀለጡት በምን ታውቃለህ? ጾምህን ልታፈርስ?»

«ታዲያ ሳልቀምስ ልላከው?»

«እኔ ከጾሙ በፊት አንድ በአንድ አኝኬዋለሁ። ጥርሴ እስኪዝል!»

ሙስሊም ጎረቤቴን ብጠራው ያኝክልኝ ነበር። ግን አበልጄ ቆሞ እያየ ሌላ ሰው ማስቀመስ፣ ሌባ ነህ ማለት ነው። በጥፍሬ ቧጨርኩት፣ አሸተትኩት፣ ጫንኩት። ሳጥኖቹ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነበር።

ፍልሰታ ላይ የላኪው ደብዳቤ መጣ። ሞራ ተገኝቶበታል፤ ጭነቱ ተመልሷል፤ የመመለሻውን ወጪ ካልከፈልክ ለሚመለከተው ክፍል አመለክታለሁ ይላል። ቁራጭ ሰም አብሮ ልኮልኛል። ጾም መሆኑን እያወቅሁ አኘክሁት። ምላሴን ለበሰው።

አበልጄን ደጁ ላይ ተቀምጦ የጧፍ ክር ሰም ውስጥ ሲነክር አገኘሁት።

«ሞራውን ከየት አመጣኸው?»

አልካደም። «በቅበላ ሰው ሁሉ ሲያርድ ሞራ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? በነፃ የሚገኝ ነገር ልለፈው?»

«ታቦት ፊት የምትቆም ሰው!»

ይኼኔ ተቆጣ። «ለታቦት የሰጠሁት ንጹሕ ነው! ሂድና አኝከው! ያ ለማላውቃቸው ሴቶች ከንፈር ነው። እነሱ እንደሆኑ አይጾሙም።»

«እኔንስ? እኔንም አታውቀኝም?»

«ሳጥኑ ላይ ስምህን ብቻ ስትጽፍ አወቅኸኝ?» አለና ወደ ክሩ ተመለሰ።

ቀበሌ ብከስሰው አሻጥረኛ ተብሎ ይወሰዳል፤ በዚያ ጊዜ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚናገር አልነበረም። የልጄን ክርስትና አባት አሳልፌ አልሰጥም። እንደማልሰጠው እሱም ያውቃል፤ ሞራውን ሲያቀልጠውም ያውቅ ነበር። በቅሎዎቼን ሸጬ ለላኪው ከፈልኩ።

በዓመቱ አበልጄ በራሱ ስም፣ ለዚያው ላኪ፣ ለዚያው አገር ሰም ላከ። ንጹሕ ነበር። አለፈ።

የእኔ ስድስት ኩንታል ሄደ፤ ስድስት ኩንታል ተመለሰ። ለሳሙና ሠሪ ተሸጠ።