በቅጽሩ ላይ የተወጠረው ሜዳ

ስናገር እንደማበዛ የማያውቅ ባጃጅ ነጂ ደባርቅ ውስጥ የለም። ብርዱ ጠንከር ካለ፣ ሻዬ ከብርጭቆው ወደ አፌ እስኪደርስ በረዶ ሆነ ብዬ እምላለሁ። ጉሙ ከወፈረ፣ በቢላ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት እላለሁ። በሥራዬ ግን አልቀልድም። ቀያሽ ነኝ፤ በመሬት ላይ አንዲት ሴንቲ ሜትር ጨምሬ አላውቅም። ይህን ስል ሚስቴ ትስቃለች፤ ትሳቅ።

ባለፈው ክረምት ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ተዳፋት ዝናቡን መሸከም አቃተውና ወረደ። መንገዱን አቋርጦ ከታች ያለች ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ገባ። ቤተ ክርስቲያኗ ከፍ ብላ ስለተሠራች ተረፈች። የቅጽሩ የታችኛው ግማሽ ግን ከነመቃብሩ፣ ከነወይራው አፈር ዋጠው።

የእኔ ድርሻ የወረደውን አፈር ማስላት ነበር። ተዳፋቱ ከመናዱ በፊት፣ መንገዱ ሊሰፋ ሲል ሌሎች ቀያሾች የለኩት የድሮው መሬት ኮምፒውተር ውስጥ አለ። እኔ ደግሞ አሁን ያለውን እለካለሁ። ሶፍትዌሩ ሁለቱን እንደ ሁለት ብርድ ልብስ ደራርቦ ያነጥፋቸውና በመካከላቸው የተኛውን አፈር ይነግረኛል። የትኛው ቦታ ላይ ስንት ሜትር እንደተከመረም በቀለም ያሳያል።

መሣሪያዬን በተከልኩ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ቄስ መጥተው አጠገቤ ይቆማሉ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው አፈሩን ያያሉ።

«አባ፣» አልኳቸው አንድ ጠዋት፣ «በዚህ ተዳፋት ላይ የሚታመኑት ሁለት ብቻ ናቸው። መሣሪያዬ ሦስት እግር አለው፤ እርስዎም ከመቋሚያዎ ጋር ሦስት ነዎት።»

ፈገግ አሉ። ከዚያ በመቋሚያቸው ወደ አፈሩ ጠቆሙ።

«ባለቤቴ እዚህ ታች ናት።»

እንደ ሞኝ ቤት ፈለግሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ።

የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ አፅሟን አውጥተው ከላይ፣ ለራሳቸው ካሰቡት ቦታ አጠገብ ማሳረፍ። ተዳፋቱ ድንጋይ ሊለብስ ነው፤ ከለበሰ በኋላ ማንም አይነካውም። የመንገዱን መሐንዲስ ስለምንላቸው፣ አፈሩ ከሦስት ሜትር ካነሰ የአንድ ቀን ቁፋሮ ፈቀደ። ከዚያ ከጠለቀ ግን ተዳፋቱ ድጋሚ ይወርዳል፤ አይሞከርም አለ።

በጠቆሙኝ ቦታ ላይ ያለውን አሰላሁት። ሁለት ሜትር አልሞላም።

ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። እዚህ ላይ ትንሽ መኩራቴን አልክድም። «ቀዩ ብዙ አፈር ያለበት ነው አባ። አረንጓዴው ጥቂት። ባለቤትዎ አረንጓዴው ላይ ናቸው።»

«አረንጓዴው ላይ» አሉ ቀስ ብለው፣ እንደ ጸሎት።

በማግስቱ የመንደሩ ወንዶች አዲስ ነጭ አቡጀዲና አንዲት ትንሽ ሣጥን ይዘው መጡ። አባ ከቤተ ክርስቲያኗና ከበሩ አንጻር አስታውሰው ቦታውን አሳዩን፤ ኤክስካቫተሩ ጀመረ። አንድ ሜትር፤ የባሕር ዛፍ ሥር። ሁለት ሜትር፤ ጭቃና ጠጠር። ከሁለት አለፍን፤ አሁንም ከተራራው የመጣ አፈር ነው። የድሮው መሬት ጥቁር ነበር ብለዋል አባ፤ ጥቁር አላየንም።

ኤክስካቫተር ነጂው የደባርቅ ሰው ነው፤ መሐንዲስ እያለ የሚያሾፍብኝ። አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«መሐንዲስ፣ ኮምፒውተርህን ዛሬ ቁርስ አብልተኸዋል?»

ላፕቶፑን የመኪናው ኮፈን ላይ ከፈትኩ። ቀለሙን አጥፍቼ፣ የድሮዎቹ ቀያሾች የለኳቸውን ነጥቦች ብቻ አወጣሁ።

በየገብሱ ማሳ፣ በየመንገዱ ዳር ነጥቡ እንደ ተዘራ ጤፍ ነው። በቅጽሩ ግንብ ዙሪያም ጥሩ አድርገው ዞረዋል። ከግንቡ ውስጥ ግን አንድም የለም። ሶፍትዌር ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ከግንብ እስከ ግንብ መስመር ስቦ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሮ፣ ሜዳ አድርጎታል። እኔም በዚያ ቆዳ ላይ ነው የለካሁት።

ለምን እንዳልገቡ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። የቀያሽ ቡድን ደባርቅ ሲያድር እንዴት እንደሚያድር አውቃለሁ። ከሴት ጋር ያደረ ሰው በማግስቱ የቤተ ክርስቲያን በር አያልፍም። አንዱ ለሌላው «አንተ ግባ» ቢለው፣ «አንተስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እናም ሁሉም ዝም ብለው በግንቡ ዙሪያ ዞሩ፤ ምናልባት ተሳልመውም ይሆናል። እኔም ብሆን እዞር ነበር። እግዜርን ፈርተው ያለፉት ቦታ ነው።

ጉሙ ከሊማሊሞ በኩል መጥቶ ኤክስካቫተሩን እስከ ወገቡ ሸፈነው። ጉድጓዱ ሦስት ሜትር ሞላ። ነጂው ሞተሩን አጠፋ።

ወደ አባ ሄድኩ።

«አባ፣ እዚያ ቦታ መሬቱ እንዴት ነበር? ሜዳ ነበር?»

«ኧረ ሜዳስ አይደለም። ጎድጓዳ ነው። ሰው ቢቆምበት ከመንገድ አይታይም። ነፋስ እንዳያገኛት ብዬ እኔ ነኝ የመረጥኩላት። ብርድ አትወድም ነበር።» አፈሩን አዩ። «አልነገረህም? ያ ኮምፒውተርህ ሁሉን ያየ መስሎኝ ነበር።»

«አላየም።»

«ታዲያ ስንት ይቀራል?»

አርባ ኪሎውን አራት መቶ፣ ድመቱን ነብር የምል ሰው ነኝ። ለእኚህ ሰው ቁጥር ፈለግሁ፤ አንድም አልመጣልኝም።

«አላውቅም አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንዶቹ ሣጥኗን የት እንደሚያስቀምጡ ጨነቃቸው፤ አንዱ በጋቢው ሸፈናት። ቄሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ፍትሐት አደረሱ። ድምፃቸው ጉሙ ውስጥ ሩቅ አልሄደም።

ከዚያ ጉድጓዱ ይሞላ ተባለ። የተቆፈረ አፈር ግን ይፈታና ያብጣል፤ የነበረበት ጉድጓድ ተመልሶ አይበቃውም። ነጂው ሁሉንም መልሶ ሲጨርስ የሰው ቁመት የሚያህል ክምር ተረፈ። ሊደለድለው አካፋውን አነሣ፤ ቄሱን አየና መልሶ አወረደው። እሳቸው ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አንሥተው በክምሩ ራስ በኩል አስቀመጡ። ወንዶቹም ተከተሉ።

ተዳፋቱ ድንጋይ ከመልበሱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ስለካ አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። በቅጽሩ በር ገብቼ፣ በክምሩ ዙሪያና ጫፍ ላይ ነጥብ ወሰድኩ። ቢሮ ሆነው ሥራውን የሚያዩት ሰው ደወሉልኝ።

«እዚች ጋ ያለችው እብጠት ምንድን ናት? የመለኪያ ስሕተት ከሆነ አጥፋት።»

«ስሕተት አይደለችም፤» አልኩ፣ «እዚያ አለች።»

ያላገጥኩ መስሏቸው ሳቁ።