ጋሼና ማርታ ካምቢዮ ሲመረምሩ

አጎቴ ካዛንቺስ ጋራዣቸው ውስጥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲመረምሩ፣ የመመርመሪያው ማሽን የብልሽት ኮድ ባወጣ ቁጥር "ይሄ መኪናዋን የት እንዳመማት ነው የሚነግረን፤ ለምን እንዳመማት እኛ እንፈልግ" ይሉ ነበር። "እኛ" ማለት ግን እሳቸውና ሙያውን ያስተማሯት ማርታ ነበሩ። ማርታ ጎናቸው ተቀምጣ የማሽኑን ቁጥር እያነበበችላቸው መኪናውን ለመሞከር ወደ መስቀል አደባባይ ሲነዱ፣ እኔ የእህታቸው ልጅ በር ላይ ቆሜ በቅናት እበግን ነበር።

"እኔንስ፣ ጋሼ?" ስላቸው፣ "አንቺማ ወሬሽ የካምቢዮውን ድምፅ ይውጠዋል!" ብለው ይስቃሉ።

ከቀብራቸው በኋላ ጋራዡ እንደተከፈተ ማርሽ አልቀይር ያለች መኪና መጣች። ማርታ ማሽኑን ሰክታ ኮዱ ሲወጣ፣ መሞታቸውን ረስታ "ጋሼ፣ ይምጡማ!" ብላ ተጣራች።

ማንም አልመጣም። አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ፤ ያኔም ግን ቀናሁባት። እሷ እንኳ እሳቸውን የምትጠራበት ሥራ አላት። እኔ በምን ሰበብ ልጥራቸው?